ሻሹ ከተፈታ በኋላስ? ስለ ቤተ ክርስቲያን ወግና ስለ ዕለት ኑሯችን

ባለ ጥያቄዋ

የተወደዳችሁ እኅቶች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከአንድ ወር በላይ በልቤ ሳወጣና ሳወርድ የቆየሁትን ጉዳይ ዛሬ ላቀርብላችሁ ወሰንኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ራሴን ሳልሸፍን ለጸሎት ቆሜ አላውቅም፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ የእናቴም እናት እንዲሁ። ምክንያቱን ጠይቄ ተረድቼ ሳይሆን እጄ ስለ ለመደው ነው፤ ከቤት ስወጣ ቁልፌን የምፈልገውን ያህል ሻሼንም እፈልጋለሁ።

በአንድ ሰንበት ከጸሎት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሻሼን ፈትቼ ማጠፍ እንደ ጀመርኩ ስልኬ ጠራ። የባለቤቴ እኅት ነበረች። ነገሩ የቆየ የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ዝርዝሩ አይጠቅማችሁም፤ ዋናው ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ሲዘምር በነበረው አፌ ለሰው የማይነገር ቃል መናገሬ ነው። ስልኩን ስዘጋ ሻሹ ጭኔ ላይ በግማሽ እንደ ታጠፈ ነበር። ከኋላ የተቀመጠችው የ14 ዓመት ልጄ ድምፅዋን ሳታነሳ «እማዬ፣ አጥፈሽ እስክትጨርሺው እንኳን አልቆየሽም» አለችኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ እርሷ ራሷን መሸፈን ትታለች። ስጠይቃት የምትመልስልኝ «ምን ይለውጣል?» ብላ ነው፤ እኔም የምሰጣት መልስ አጥቻለሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ይህ ወግና እርሱን የመሰሉት ሌሎች፣ ጾሙም፣ የጸሎት ሰዓቱም፣ መንበርከኩም፣ ከየት መጡ፣ ለምንስ ተሰጡን? ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወዲህ ባለው ኑሯችን ላይ ካልታዩስ ምን ይባላሉ? ልጄንስ ላስገድዳት ወይስ ልተዋት?

የመጻሕፍት ወዳጅ

እኅቴ፣ የልጅሽ ቃል እኔንም ቆንጥጦኛል። ከመሸፈኑ ልጀምር፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከአንድ ምዕራፍ ነውና፤ ያን ምዕራፍ ግን አብዛኞቻችን እስከ መጨረሻው አናነበውም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት 11ኛ ምዕራፍ ቁጥር 2 ላይ፣ ያስተላለፈላቸውን ወግ ስለ ጠበቁ ያመሰግናቸዋል፤ ከዚያም እስከ ቁጥር 16 ድረስ ሴት ስትጸልይ ወይም ትንቢት ስትናገር ራሷን መሸፈን እንዳለባት ያስረዳል። (ሴቶች በጉባኤ ይጸልዩና ትንቢት ይናገሩ እንደ ነበር ከዚሁ ይታወቃል፤ ስለ መሸፈኑ አጥብቀው የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ዘልለው ሲያልፉት ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ቁጥር 17 ላይ ሲደርስ ግን ንግግሩ ይለወጣል፤ በዚህስ አላመሰግናችሁም ይላል። ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ አንዱ ጠግቦ ይሰክር፣ ሌላው ይራብ ነበርና፤ ምንም የሌላቸውንም ያሳፍሩ ነበርና። እንግዲህ ያው ጉባኤ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ በወጉ ተመስግኖ በማዕዱ ተወቀሰ። ልጅሽ ሻሽሽን ስታስሪ ቁጥር 2ን ለዓመታት አይታለች፤ በዚያች ቀን ደግሞ ቁጥር 17ን አየች።

ወጉ በዘመኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የቆየ የሚመስላቸውም አሉ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን አፍሪካ በካርቴጅ የኖረው ተርቱልያኖስ ያላገቡ ደናግልም ራሳቸውን መሸፈን አለባቸው ብሎ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ የጻፈበትም ምክንያት በከተማው ብዙዎቹ ስለማይሸፈኑና ይህንንም በልማድ ስለሚደግፉ ነበር። የቆሮንቶስ ክርስቲያኖች እስከ እርሱ ዘመን ድረስ ደናግላቸውን እንደሚያሸፍኑም ለማስረጃ ይጠቅሳል። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ የተናገረው ቃል ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ጌታችን ራሱን የጠራው እውነት ብሎ እንጂ ልማድ ብሎ አይደለም ይላል። ለመሸፈን የሚሟገተው ሰው ራሱ «ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው» የሚለውን መልስ በቂ አላደረገውም። እኛም ለልጆቻችን «እናቴም እንዲሁ ነበረች» ብቻ ብለን ባናቆም ጥሩ ይመስለኛል።

ዘግይታ የመጣች

እኔ ያደግኩት ሴት ራሷን በማትሸፍንበት፣ የጾም ቀን በማይታወጅበት ጉባኤ ሲሆን ወግ ወደሚጠብቅ ጉባኤ የመጣሁት በትዳር ምክንያት ነው። መጀመሪያ ላይ በሰው ሥርዓት የታሰሩ እየመሰሉኝ አዝንላቸው ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ወደ ኋላ ዞር ብዬ ያደግኩበትን ሳስበው እኛም የራሳችን ወግ እንደ ነበረን ገባኝ። ጸሎት ሁሉ በተመሳሳይ ሦስት ሐረጎች ይጀመር ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ረጅም ጊዜ የሚጸልይ ሰው እንደ መንፈሳዊ ይቆጠር ነበር፤ በሳምንቱ መካከል በሚደረገው የማታ ጸሎት ሁለት ጊዜ የቀረችን ሴት «ምነው፣ ቀዘቀዘሽ እንዴ?» የሚላት አይጠፋም። ይህ ሁሉ በየትም አልተጻፈም። ስላልተጻፈም ማንም ሊጠይቀው አይችልም ነበር። የተጻፈ ወግ ቢያንስ ለምን ተብሎ ይጠየቃል።

የተጻፈውም ቢሆን ይለወጣል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1917 ባወጣችው የሕግ መጽሐፍ ሴቶች በቤተ ክርስቲያን፣ በተለይም ወደ ጌታ ማዕድ ሲቀርቡ፣ ራሳቸውን እንዲሸፍኑ ታዝዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው አዲሱ የሕግ መጽሐፍ ግን ይህን አንቀጽ አልደገመውም። ብዙዎቹ ተዉት፤ ጥቂቶች ደግሞ ወደው ይዘውት ቆዩ። ስለ ተዉት ብቻ የከፉ፣ ስለ ያዙትም ብቻ የተሻሉ አይመስለኝም።

እኔ ዛሬ እሸፈናለሁ፤ ሻሹን ሳስር ልቤ «አሁን ወደ ማን ልትቀርቢ እንደሆነ እወቂ» የሚለኝ ስለሚመስለኝ ነው። ይህን ግን ማንም አስገድዶኝ ቢሆን ኖሮ አልሰማውም ነበር። ስለ ልጅሽ የምመልስልሽ ይኸው ነው፤ አታስገድጃት።

ቀጥተኛዋ

የእኅቶቼን ሐሳብ በአክብሮት አነበብኩ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ውይይቱ ቀስ እያለ «ዋናው ልብ ነው» ወደሚለው እየሄደ ነው፤ ይህን አባባል ደግሞ እኔ በራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ። ለሦስት ዓመታት «ጾም የልብ ነው» ብዬ ጾሙን ተውኩት። ልቤ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ጾሟል ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። ከምግብ የሚከለክለኝ ቀን ባልነበረበት ጊዜ ከሐሜት የሚከለክለኝ ቀንም አልነበረም። ጌታ ፈሪሳውያንን ከአዝሙድና ከከሙን ዐሥራት ስለ ማውጣታቸው ሲወቅሳቸው ዐሥራቱን ተዉት አላለም፤ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ያዙ፣ ያንንም አትተዉ ነው ያለው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ቁጥር 23ን የሚጠቅሱ ሰዎች የመጨረሻዋን ሐረግ ሲቆርጧት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ሳይርቅ የተጻፈው «ዲዳኬ» የተባለው ትንሽ መጽሐፍም፣ ግሪክኛ ቅጂው እ.ኤ.አ. በ1873 ተገኝቶ በ1883 የታተመው፣ ምእመናን ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙና «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸልዩ ያዝዛል። እነዚያ ሰዎች የልብን ነገር ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ቀን ያልተቆረጠለት ነገር እንደማይደረግ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። «ሁልጊዜ እጸልያለሁ» የምትል ሴት በየትኛው ሰዓት እንደ ጸለየች ብትጠየቅ መልስ ታጣለች፤ እኔ አጥቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለባለ ጥያቄዋ ልጨምር፤ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ሻሹ በዝርዝር ጻፍሽልን፤ እንዴት እንደ ታጠፈ፣ የት እንደ ነበረ ሳይቀር ነገርሽን። የገንዘቡን ጉዳይ ግን «ዝርዝሩ አይጠቅማችሁም» ብለሽ አለፍሽው። ጥያቄው ያለው እዚያው ያለፍሽው ቦታ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ከደጅ የቆመች

ስለ ወግ ጥቅም ሲነገር ዝም ብዬ ማለፍ ስለማልችል እጽፋለሁ። የበኩር ልጄ በተጠመቀበት ቀን እኔ እናቱ ውስጥ አልነበርኩም። ከወሊድ በኋላ ያለው የመንጻት ጊዜ በቆጠራቸው ሁለት ቀን ይቀረው ነበር ተባለና፣ በደጁ ላይ የቆሙ አንዲት ሴት በሰው ፊት እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብሎ በጆሮዬ የነገረኝ አልነበረም፤ ሁሉም ሰምቷል። ልጄ ሲያለቅስ ድምፁ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር፤ ጡቴ በልብሴ ላይ ፈስሶ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ያን ቀን ከለበስኩት ቀሚስ ላይ ነጠብጣቡ ታጥቦ አልለቀቀም።

ቤተ ክርስቲያንን አልተውኩም። ግን ለሰባት ዓመታት ያህል ከበስተኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር የምቆመው፤ ማንም እንዳያስወጣኝ ቀድሜ እንደምወጣ ሰው ሆኜ። ወጉ የተሰጠው ወደ እግዚአብሔር ሊያቀርበን ከሆነ፣ እኔን ያራቀኝ ምንድን ነው? ይህን የምጠይቀው ለክርክር ሳይሆን መልሱን ስለምፈልገው ነው።

የመጻሕፍት ወዳጅ

እኅቴ፣ ያንን ቀን ማንም ሊመልስልሽ አይችልም። የምችለው፣ ይህ ጥያቄ ካንቺ በፊትም ለብዙ ዘመን ሲጠየቅ እንደ ኖረ መናገር ብቻ ነው።

በ3ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ ለአንድ ጳጳስ በጻፈው መልእክት፣ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ቅዱሱ ማዕድ መቅረብ የለባትም ብሏል፤ ሆኖም በማንኛውም ሁኔታ መጸለይና የጌታን ርዳታ መለመን አይከለከልም ብሎ ጨምሯል። በዚያው ክፍለ ዘመን በሶርያ አካባቢ የተጻፈው ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ መልስ ይሰጣል፤ በእነዚያ ቀኖች ከጸሎትና ከማዕዱ ራሳቸውን የሚያርቁትን ሴቶች፣ ታዲያ መንፈስ ቅዱስ በዚያ ጊዜ ከእናንተ ይለያል ማለታችሁ ነውን ብሎ ይሞግታቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ590 እስከ 604 የሮም ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለላከው አገልጋይ የሰጠው መልስም አለ፤ ቢድ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ731 በፈጸመው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጦታል። በዚያ መልስ መሠረት የወለደች ሴት በወለደችበት ሰዓት እንኳ ለምስጋና ወደ ቤተ ክርስቲያን ብትገባ ኃጢአት የለባትም፤ በወር አበባዋም ጊዜ ከማዕዱ መከልከል የለባትም፤ ከአክብሮት የተነሣ እርሷ ራሷ ብትታቀብ ግን ትመሰገናለች።

ሁሉም በእምነታቸው የተመሰከረላቸው ናቸው፤ መልሳቸው ግን አንድ አልሆነም። ዛሬም እያንዳንዳችን ያለንበት ጉባኤ የየራሱን ሥርዓት ይከተላል፤ ያንን በዚህ ገጽ ላይ የምሽር ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የትኛውም ሥርዓት፣ በጣም ጥብቅ የሚባለውም ቢሆን፣ አንዲት እናት በሰው ፊት ትዋረድ የሚል አንቀጽ አላየሁበትም። ያ የወጉ ሳይሆን የዘርጊዋ እጅ ሥራ ነው።

የልጅ ልጅ ያየች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ 71 ነው። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እየተናገርኩ እርሱ ይከትባል፤ ስሕተት ካገኛችሁ ጥፋቱ የእርሱ ነው።

ከደጅ ለቆመችው ልጄ ልናገር ብዬ ነው የገባሁት። እኔ እጃቸውን ከሚዘረጉት ሴቶች አንዷ ነበርኩ። ያንቺን አይደለም፤ ግን የሌሎችን ዘርግቼባቸዋለሁ። ሻሿ ወደ ኋላ የተንሸራተተባትን ልጅ በጸሎት መካከል በጣቴ ወግቼ አስደንግጫታለሁ፤ ቀሚሷ ያጠረባትን መልሻለሁ። ቤቱን የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን ጉልበቴ ነው። ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት ጉልበቴ አልታጠፍ አለና፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስንበረከክ የኖርኩት ሴት፣ ሌሎች ሲንበረከኩ ወንበር ላይ እንደ ሐውልት መቀመጥ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሰንበት አንዲት ወጣት ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። እኔ ግን «ይህች አሮጊት ለምን አትንበረከክም?» ያለችኝ ያህል ተሰማኝ፤ ፊቴ በእፍረት ጋለ። ያን ጊዜ በጣቴ የወጋኋት ልጅ ትዝ አለችኝ። የት እንዳለች አላውቅም እንጂ ይቅርታ እጠይቃት ነበር። አንቺን ልጠይቅሽ፤ ይቅር በይን።

የአውግስጢኖስን እናት የሞኒካን ነገር ከወጣትነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። በአገሯ በሰሜን አፍሪካ በሰማዕታት መታሰቢያ ገንፎ፣ እንጀራና ጥቂት ወይን ይዛ መሄድ ልማዷ ነበር። ወደ ሚላኖ በሄደች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ385 አካባቢ መሆኑን የልጅ ልጄ አጣርቶልኛል፣ እንደ ልማዷ ሙዳይዋን ይዛ ስትመጣ የበሩ ጠባቂ ከለከላት። ጳጳሱ አምብሮስዮስ ነበር የከለከለው፤ ለሰካራሞች ምክንያት እንዳይሆንና የአሕዛብን የሙታን መታሰቢያ እንዳይመስል ብሎ። ያች ሴት አላጉረመረመችም። ሙዳይዋን ትታ ልመናዋን ይዛ መሄድ ጀመረች፤ ለድሆችም የምትችለውን ትሰጥ ነበር። ሌላም ጊዜ በአገሯ ቅዳሜ ይጾም ስለ ነበር፣ በሚላኖ ደግሞ ስለማይጾም፣ ምን ላድርግ ብላ ተጨነቀች። ልጇ ሄዶ ጳጳሱን ቢጠይቀው «እኔ ሮም ስሆን ቅዳሜ እጾማለሁ፣ እዚህ ስሆን አልጾምም» አለው። እኔ ብሆን በዚያ በር ላይ ቀኑን ሙሉ እሟገት ነበር።

አንቺ ባለ ጥያቄዋ፣ ልጅሽን ለጊዜው ተያት። የባልሽን እኅት ግን አትተያት። ደውለሽላታል?

የሌሊት ተረኛ

እኔ ነርስ ስሆን አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ሌሊት ነው። የጸሎት ሰዓቶችን መጠበቅ ለዓመታት የሕሊና ሸክም ሆኖብኝ ነበር፤ ሌሎች ሲነሡ እኔ እተኛለሁ፣ ሌሎች ሲጾሙ እኔ ከ12 ሰዓት ሥራ በኋላ እጄ ይንቀጠቀጣል። ንስሐ የምገባውም ሁልጊዜ ስለ ሰዓቱ ሆነ፤ ከሕመምተኞቼ በአንዱ ላይ ስለ መጮኼ አንድ ቀን እንኳ ተናዝዤ አላውቅም ነበር። እኅታችን ስለ ሻሹ ስትጽፍ ራሴን ያየሁት ለዚህ ነው።

ከሸክሙ ያወጣኝ ስለ ማቅሪና ያነበብኩት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ379 ያረፈች የቀጰዶቅያ ሴት ናት፤ ታሪኳን የጻፈው ወንድሟ የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ነው። በልጅነቷ መዝሙረ ዳዊትን የምትደግመው ከሥራዋ ጋር አያይዛ ነበር፤ ከመኝታ ስትነሣ፣ ሥራ ስትጀምርና ስትጨርስ፣ ለማዕድ ስትቀርብና ስትነሣ፣ ለመተኛት ስትሄድ። ባለጸጋ ሆና ሳለችም ለእናቷ እንጀራ በገዛ እጇ ታዘጋጅ ነበር። ሰዓቱ የታሰረው በእጇ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

እኔ በሌሊት ከምንም በላይ የማደርገው ነገር እጄን መታጠብ ነው። በሳሙናና በውኃ በአግባቡ ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል፤ «አባታችን ሆይ» ደግሞ በእርጋታ ሲባል ከዚያ አይዘልም። ጣቶቼን አቆላልፌ ሳሽ ስለ ዕለት እንጀራ እደርሳለሁ፤ ሳለቀልቀው ስለ ይቅርታ ወዳለው እደርሳለሁ። ከዚያ ቀጥሎ የምነካው ሰው አለ። አንዳንድ ሌሊት ያ ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት የሰደበኝ ነው፤ ጸሎቱም ውኃውም ገና ከእጄ ላይ አልደረቀም። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ግን ከቆጠርኩት በአንድ ሌሊት ከ30 ጊዜ በላይ እንደገና የመጀመር ዕድል አለኝ፤ ሰዓት ጠብቄ ስጸልይ የነበረኝ ሦስት ብቻ ነበር።

ቀጥተኛዋ እኅቴ፣ «ቀን ያልተቆረጠለት ነገር አይደረግም» ያልሽውን እቀበላለሁ። እኔ የተቆረጠውን ነገር ከሰዓት ወደ ቧንቧ አዛወርኩት እንጂ አልተውኩትም።

ቀጥተኛዋ

የሌሊት ተረኛ፣ ይህንንስ ተቀብያለሁ። ከቧንቧው ጋር ክርክር የለኝም።

ባለ ጥያቄዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሁለት ቀን መልስ ያልሰጠሁት አፍሬ ነው። እናታችን «ደውለሽላታል?» ብለው ጠየቁኝ፤ አልደወልኩም። ቀጥተኛዋም ያለፍኩትን ቦታ በትክክል አግኝታዋለች።

ዝርዝሩ ይህ ነው። አማቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ በአልጋ ላይ ናቸው፤ የሚያስታምማቸው ሰው መቅጠር አስፈልጓል። የባለቤቴ እኅት ወጪውን እኩል እንካፈል ብላ ለብዙ ጊዜ ጠይቃናለች። እኛም ገንዘቡ አለን፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በፊት ለቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ በየወሩ እንሰጣለን ብለን ቃል ገብተናል፤ ቃል የገባሁትም እኔ ነኝ፣ በጉባኤ ፊት ቆሜ። በዚያ ሰንበት ስትደውል «የእግዚአብሔርን ገንዘብ ነው የምትጠይቂኝ» አልኳት። ሌላም የከፋ ነገር ተናገርኩ። የሚገርመው፣ ስናገረው ትክክል እንደ ሆንኩ ነበር የተሰማኝ። ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታለች። እኔ ግን ለእናንተ ስጽፍ ጥያቄው ስለ ሻሽ መስሎኝ ነበር።

የልጅ ልጅ ያየች

ልጄ፣ የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 7 ከቁጥር 9 እስከ 13 ተቀመጪና አንብቢው። አባቱንና እናቱን መርዳት ሲገባው «ልትጠቀሙበት የሚገባችሁ ቍርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው» ስለሚል ሰው ጌታ የተናገረው ነው። ከዚያ በላይ እኔ የምጨምረው የለኝም። ወደ አገልጋዮቹ ሄደሽ ቃሌን ልቀንስ ብትያቸው፣ ቃል የገባሽው በሰው ፊት ስለሆነ ያሳፍርሻል፤ ያ እፍረት አይገድልም። እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ተርፌያለሁ።

ዘግይታ የመጣች

ለአገልጋዮቹ ስትነግሪ ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ሂዱ። እኔ በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ነገር ብቻዬን ሄጄ ተናግሬ፣ በኋላ በቤት ሁለተኛ ጠብ ሆኖብኛል። ደግሞም እናቱ የእርሱ ናቸው፤ እስካሁን በጽሑፍሽ ውስጥ ድምፁን አልሰማሁም።

ከደጅ የቆመች

እናታችን፣ ቃልዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ የጠበቅኩት ሰው እርስዎ አልነበሩም፤ ቢሆንም ተቀብያለሁ። በዚህ ሰንበት ከበሩ አጠገብ ሳይሆን መካከል ላይ ለመቆም አስቤያለሁ። ካልቻልኩም እነግራችኋለሁ።

ባለ ጥያቄዋ

የሆነውን ልንገራችሁ። ከባለቤቴ ጋር አብረን ሄድን። አገልጋዩ ከተጠበቀው በላይ ቀላል አደረጉልን፤ «ይህን ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም?» ብቻ ነው ያሉት። ቃላችንን በግማሽ ቀነስን፤ የቀረው ወደ አማቴ ይሄዳል።

የባለቤቴ እኅት ሁለት ጊዜ ስደውል አላነሣችም። በሦስተኛው አነሣችና እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝ፤ ከዚያም «ገንዘቡ ይድረስ፤ የተናገርሽውን ደግሞ ስንገናኝ እናየዋለን» አለች። ከዚህ የተሻለ መልስ የሚገባኝ አይመስለኝም። ልጄ ይህን ስነግራት «ተቆጥታለች?» አለችኝ፤ አዎ አልኳት፤ «ጥሩ» አለች። ራሷን አሁንም አትሸፍንም፤ አልጠየቅኳትም። ባለፈው ሰንበት ከጸሎት በቀጥታ ወደ አማቴ ሄድን። ሻሼን ሳልፈታ ገብቼ ኖሯል፤ ያስታወስኩት ልብሳቸውን ልለውጥ ስጎነብስ ጫፉ ፊታቸው ላይ ሲወርድባቸው ነው። ደህናው እጃቸው ይዞት ቆየ።

ከዚህ በኋላ ቅዳሜና እሑድ አስታማሚዋ ስታርፍ ተራው የእኔና የልጄ ነው። ሁለታችንም አስታምመን አናውቅም። የሌሊት ተረኛ እኅቴ፣ በአልጋ ላይ ላለ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ ማወቅ ያለብኝ ምንድን ነው?

የሌሊት ተረኛ

ከሁሉ አስቀድሞ መገላበጥ ነው። ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ቀይሩላቸው፤ ከግራ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ቀኝ፤ የደከመው እጅ ከሰውነታቸው በታች እንዳይቀር፣ ስታነሷቸውም በእርሱ ይዛችሁ አትጎትቷቸው። በገለበጣችኋቸው ቁጥር ቆዳውን ተመልከቱ፤ ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የወገቡን የታችኛውን አጥንት። ቀልቶ ወይም ጠቁሮ፣ በጣት ሲጫኑት ቀለሙ የማይለወጥ ቦታ ካያችሁ በዚያ ጎን አታስተኟቸው፤ ለሐኪማቸውም ንገሩ። አንሶላው እንዳይሸበሸብ፣ እርጥብም እንዳይሆን። ስትመግቧቸው ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያው ይቆዩ፤ ከስትሮክ በኋላ መዋጥ ስለሚያስቸግር በትንሽ በትንሹ ይሁን። የምታደርጊውን ነገር ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ንገሪያቸው፤ ባይመልሱም ይሰማሉ። ልጅሽ ሰዓቱን ትመዝግብ፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከእኛ ይልቅ አይረሱም።